ወፏ ሌባ ናት ወይ?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። አብረውን ከሚተኙት ጓደኞቻችን አንዱ (ስሙን እንዳንጽፍ አስምሎናል) በአሜሪካን አገር በሲያትል ከተማ የምትኖር ታላቅ እህት አለችው። እህቱ ከቤቷ ጓሮ የተከለችው የቼሪ ዛፍ በአምስተኛ ዓመቱ አፈራላትና ባለፈው ሐምሌ ፎቶግራፉን ላከችለት። ተሻምተን አየነው። ፍሬው እምብዛም አይታይም። ጎልቶ የሚታየው ዛፉ ላይ የተጣለው ጥቁር መረብ ነው፤ ከመረቡ ውስጥ ደግሞ ክንፏ ተጠላልፎ፣ አንገቷ ዘንበል ብሎ የሞተች አንዲት ደረቷ ቀይ የሆነ ወፍ። ከሥሩ «ሌባዋ ተያዘችልህ። ግን ምነው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልከደን አለ?» ብላለች።

እኛም ያን ሌሊት አልተኛንም። መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ስንከራከር ነጋ። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር፤ ወፍ የሰው ፍሬ ስትበላ ሌባ ትባላለች ወይስ አትባልም? በማግሥቱ ፈተና የነበረባቸውን የጎረቤት ክፍል ልጆች በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዚህ በታች የምንጽፈው የዚያን ሌሊትና ከዚያ ወዲህ የተከተለውን ክርክር ነው። ሁላችንም የተስማማንበት ስላልሆነ አንባቢ እንደ ፍርድ አይውሰደው።

በመጀመሪያ ስለ ዛፉ ጥቂት እንበል። እኛ ቼሪን የምናውቀው በኬክ ቤት፣ በስኳር ተነክሮ ከኬክ አናት ላይ ተቀምጦ ነው። ዘመዶቹን ግን ሳናውቃቸው እናውቃቸዋለን። በየጓሯችን ጥሬውን እየቀጠፍን ሆዳችንን ያሳመመን ኮክ ከአንድ ወገን ነው፤ በደጋ ደኖቻችን የሚበቅለው ጥቁር እንጨትም እንዲሁ፤ ፈረንጆቹ የአፍሪካ ቼሪ ይሉታል። ታዲያ እኛ ጋ ለምን አይተከልም ቢባል፣ ቼሪ ብርዱን ካልጠገበ በደንብ አያብብም። ብዙዎቹ ጣፋጭ ዓይነቶች ቅጠላቸውን አርግፈው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ከ700 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል መተኛት ይፈልጋሉ። የአዲስ አበባ ኅዳር ሌሊቱን ቢያንቀጠቅጠንም፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ወጥታ ዛፉን ትቀሰቅሰዋለች።

ልፋቱም እንዲህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። እህትየው የተከለችው ቢንግ የሚባለውን ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ዓይነት ነው። ቢንግ በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም፤ ዓይነቱ የተለየ፣ በዚያው ሰሞን የሚያብብ ሌላ ቼሪ በአቅራቢያው ያስፈልገዋል። ያም ቢሆን ያገኘው ሁሉ አይሆነውም። ላምበርት የሚባለውን ቢተክሉለት ለዚህ ጉዳይ የቅርብ ሥጋው ነውና ጋብቻው አይሰምርም፤ ዛፎቹም እንደ እኛ አገር ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ ማለት ነው። ደግነቱ ከአጥር ማዶ በጎረቤቷ ግቢ ሬኒየር የሚባል ቢጫማ ቼሪ አለ፤ አማላጆቹ ንቦች ናቸው። ውኃ በሚተኛበት መሬት ሥሩ ስለሚበሰብስ አፈሩን በመደብ ከፍ አድርጋለች። ሊበስል ሲል ዝናብ ቢጥልበት ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ይሰነጠቃል፤ ሲያትል ደግሞ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት።

ይሁንና ለክርክራችን ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ዋናው ነገር ቼሪ ከተቀጠፈ በኋላ አለመብሰሉ ነው። ሙዝ ጥሬውን ተቆርጦ ቤት ይበስላል፤ ማንጎና አቮካዶም እንዲሁ። ቼሪ ግን ዛፉ ላይ ካልጣፈጠ ቤት ውስጥ አይጣፍጥም። ስለዚህ ሰው ቀደም ብሎ ጥሬውን ለቅሞ ወፏን ማምለጥ አይችልም። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ቀን ነው። ወፏ ደግሞ ማለዳ ትነሳለች።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። ዋናው ከሳሻችን የቆቦ ልጅ ነው። «እናንተ የከተማ ልጆች ወፍን የምታውቋት በመስኮት ነው» ሲል ጀመረ። እሱ ያደገው በማሽላ ማሳ መካከል፣ ከማማ ላይ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ወንጭፍና ጅራፉን ይዞ፣ ጠጠሩን በኪሱ ሞልቶ፣ ፀሐይ እስክትገባ ይጮኻል። ግሪሳ እንደ ደመና ሆኖ ከወረደ ያንድ ቤት የዓመት ጉርስ በግማሽ ቀን ድራሹ ይጠፋል። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት እሱ የሚገባው ጥቅምት ካለቀ በኋላ ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረውም በወፍ ምክንያት ነው። «ሌባ ካልሆነች ምንድን ናት? እንግዳ ናት?» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም።

አንዳችን፣ የሲያትሏ ሴት ቼሪ የዓመት ጉርሷ አይደለም፣ ያጣችው ቢኖር አንድ ሳህን ጣፋጭ ነው ብለን ልንለይ ሞከርን። የቆቦው ልጅ ወዲያው «ታዲያ ሌብነት የሚለካው በተሰረቀው ሰው ሀብት ነው እንዴ?» ብሎ አፋችንን አስያዘን። እውነቱን ነው። ጉዳቱ ይለያይ ይሆናል እንጂ የድርጊቱ ስም በባለቤቱ ጓዳ አይወሰንም።

እንግዲህ ስሙን እንመርምር። ሌባ ማን ነው? አውግስጢኖስ በኑዛዜው ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ በ16 ዓመቱ የሠራውን ያወራል። ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ሄደው በእነሱ የወይን ቦታ አጠገብ የነበረን የፒር ዛፍ አራገፉ። አልራቡም፤ ከዚያ የሚሻል ፍሬ ነበረው። አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። ሽማግሌውን ጳጳስ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያስደነግጠው የፍሬው ዋጋ አይደለም፤ ክፉ መሥራቱ ራሱ ጥሞት እንደነበረ ማስታወሱ ነው። ለመስረቅ እንግዲህ «ይህ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ማወቅ ያስፈልጋል። ወፏ አጥር አታውቅም። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ዛፍና ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዛፍ ለእሷ አንድ ዱር ነው። የወሰደችው ነገር የሰው ነው፤ የሠራችው ሥራ ግን ስርቆት አይደለም። እዚህ ድረስ ከሞላ ጎደል ተስማማን።

ከዚያ ጆን ሎክ መጣና ነገሩን አበላሸው። ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. ስለ መንግሥት ባሳተመው ሁለተኛ ድርሰቱ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ከዱር ዛፍ ፖም ለቅሞ ስለ በላ ሰው ይጠይቃል። ፖሙ የሱ የሆነው መቼ ነው? በሆዱ ሲፈጭ ነው? ሲያኝከው ነው? ቤቱ ሲያስገባው ነው? የሎክ መልስ፣ በለቀመው ጊዜ ነው፤ የራሱን ድካም ቀላቅሎበታልና የሚል ነው። ደስ አለን። እህትየው አምስት ዓመት ሙሉ ደክማለች፤ ስለዚህ ቼሪው የማን እንደሆነ ጥያቄ የለውም! ነገር ግን ከወደ ጥጉ አልጋ አንድ ድምፅ «መልቀም ድካም ከሆነ ወፏስ አልለቀመችም ወይ?» አለ። ኧረ ምን ይመለሳል? ለነገሩ ሎክ ራሱ ለወፏ የሚያመቻት አይመስልም፤ ሰው ሳይበላሽ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ አይውሰድ ይላልና። ወፏ አንዱን ቼሪ ትወጋና ሳትጨርሰው ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ የተወጋውን ተርብ ይወረዋል፣ ይሻግታል። በሎክ ችሎት ብትቀርብ የምትፈረድባት በማባከን ነው።

ድካም ሲባል ደግሞ የማን ድካም እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ቢንግ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ አሁንም ከጉሮሯችን አልወረደም። ዓይነቱ የተገኘው በ1875 እ.ኤ.አ. በኦሬጎን ግዛት፣ ሚልዎኪ በምትባል ቦታ፣ በሴዝ ሉዌሊንግ የፍራፍሬ እርሻ ነው። ስሙ የተሰጠው ለሠራተኞቹ አለቃ ለቻይናዊው ለአ ቢንግ ነው። አ ቢንግ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ቻይና ሄደ፤ አሜሪካ በ1882 እ.ኤ.አ. ጀምራ ቻይናውያንን የሚያግድ ሕግ አውጥታ ስለነበረ ተመልሶ መግባት ሳይችል ቀረ። ዛሬ በዚያ አገር ገበያ እጅግ ከታወቁት ቼሪዎች አንዱ በስሙ ይጠራል። ቢንግ የሚባል ዛፍ ሁሉ ከአንዱ የመጀመሪያ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ፣ ከሌላ ሥር ጋር እየተጣበቀ የመጣ ነው። የደከመው ሰው ዛፉን አጣ፤ ዛፉ ግን ስሙን ይዞ ቀረ። ድካምን ከባለቤትነት ጋር የሚያስተሳስረው ሰንሰለት መሐል ላይ እንዲህ የሚበጠስ ከሆነ፣ በወፏ ላይ ብቻ ለምን እንደሚጠብቅ ሎክ ቢነግረን ደስ ባለን።

ወፏም ብትሆን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ባዶ እጇን አይደለችም። ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሰዎች ጣፋጩን ቼሪ በላቲን ስሙ «የወፎች» ብለው ጠርተውታል። ሰው ሳይደርስበት በፊት ዛፉ ሲያፈራ የኖረው ለወፍ ነው። መቅላቱ ከሩቅ እንድታየው፣ ሥጋው እንድትበላው፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘር ደግሞ ሆዷ ሳይፈጨው ሌላ ቦታ እንድትጥለው ነው። ደመወዙ ጣፋጩ፣ ሥራው ማመላለሱ። ሰው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ መጥቶም መርጦ፣ አዳቅሎ፣ አወፍሮታል፤ ይህን አንክድም። ግን ሁለተኛ የመጣው ተዋዋይ የመጀመሪያውን ሌባ ሲለው ትንሽ አያስቅም?

(ልጅ ሳለን ከወንዝ ዳር ሾላና እንኮይ ስንለቅም ከወፍ ጋር የተጣላንበትን ቀን አናስታውስም። እሷ ከላይ፣ እኛ ከታች። ለአጥር የተተከለው ኮሽም እንኳ ፍሬው የመንገደኛና የወፍ ነበር፤ አጥር ሆኖ ሳለ ከአጥር ውጭ ያለውን ይመግባል።)

ከመካከላችን የዲያቆን ልጅ የሆነው ደግሞ ሕግ ይዞ መጣ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ፣ ወደ ባልንጀራው የወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ መብላት ይችላል፤ በዕቃ ይዞ መውጣት ግን አይፈቀድለትም። በእርሻም ሲያልፍ እሸቱን በእጁ ይቀጥፋል፤ ማጭድ ግን አያስገባም። እንደ እኛ አረዳድ ሕጉ መስመሩን ያሰመረው በመብላትና በመውሰድ መካከል ነው። ወፏ ቅርጫት የላትም፤ ከሆዷ ሌላ ጎተራ የላትም። ክርክሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። የቆቦው ልጅ ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ሕጉ የተጻፈው ለአንድ መንገደኛ ነው፤ ለመቶ ሺህ መንገደኛ አይደለም» አለን። እስከ አሁን መልስ ያላገኘንለት እሱን ነው።

እዚህ ላይ የማንወደውን ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከምንማርበት ግቢ በር አጠገብ አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ከአንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ማንጎ አንስቶ ሮጠ። «ሌባ! ሌባ!» ተባለ። ካሉት መካከል እኛም ነበርንበት። ከእኛ መሐል ሁለቱ ሮጠዋል፤ አንደኛው እግሩን ዘርግቶ ጥሎታል። ከዚያ በኋላ ማን እንደመታው፣ ስንት ሰው እንደመታው አናውቅም። ማንጎው መሬት ላይ ፈርጦ ነበር። ልጁ ሲለቀቅ አፍንጫው እየደማ ሄደ፤ እኛም ወደ ክፍላችን ገባን፤ የዚያን ቀን ትምህርቱ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ነበር።

ልጁ ወፍ አይደለም። ማንጎው የሰው እንደሆነ ያውቃል፤ ባያውቅ አይሮጥም ነበር። ስለዚህ «ወፏ ሌባ አይደለችም» ስላልን እሱን ነጻ አወጣነው ማለት አይደለም። ያሳሰበን ሌላ ነው። ያን ቀን ቃሉ ከአፋችን እስኪወጣ ድረስ ልጁ የሚታየን ልጅ ሆኖ ነው፤ ባዶ እግሩ፣ የተቀደደ ሹራቡ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን የሚታየን ሌባ ብቻ ሆነ። እህትየውም ስትጽፍ «ወፍ ሞተች» አላለችም፤ «ሌባዋ ተያዘች» ነው ያለችው። በቃሉ ከለላ እጃችን ቀለል አለው። ካንት በሥነ ምግባር ትምህርቱ በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰው ላይም ልቡ ይደነድናል ይል ነበር፤ ለእንስሳዋ ራሷ ብሎ ግን አይደለም፣ ለሰው ሲል ነው። ይኸ ለወፏ ትንሽ ስስት ይመስለናል። በእኛ ላይ የደረሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ በልጁ ጨከንን፣ ወፏ ነች ያስታወሰችን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁለታችን ሄደን ሻጯን ስለ ልጁ ጠየቅናት። «እንጃ ልጆቼ፣ ተመልሶ አልመጣም» አለች። ከዚያም ማንጎዎቿን በጨርቅ እያበሰች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔኮ ሌባ አላልኩም። እናንተ ናችሁ ያላችሁት» አለችን። ሒሳብ ልንከፍላት ያወጣነውን ብር ምን እናድርገው? ማንጎ ገዝተን ተመለስን።

የቆቦው ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ሌባ አንበላት። ማሳውንስ ማን ይጠብቀው?» አለ። ልክ ነው፤ ስም ማንሳት መረብ ማንሳት አይደለም። ሰው የዘራውን ሊጠብቅ ይገባዋል። እንዲያውም ስሙ ከተነሳ በኋላ የቀረው ጥያቄ በምን ያህል እንጠብቅ የሚለው ብቻ ይሆናል፤ ሌባን ማጥፋት ያኮራል፣ የተራበችን ወፍ መከላከል ግን ልክ አለው። ልክ ያጡትን ታሪክ ያውቃቸዋል። የፕራሻው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ድንቢጦች ቼሪውን ቢበሉበት ለገደላቸው ሁሉ ገንዘብ እከፍላለሁ አለ፤ ኋላ ዛፎቹን አባጨጓሬ ወረሳቸው ተብሎ ይተረካል። ተረት ይሁን እውነት፣ የቻይናው ግን እውነት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ከአይጥ፣ ከዝንብና ከትንኝ ጋር ድንቢጥ የአገር ጠላት ተባለች፤ ሕዝቡ ድስትና ጣሳ እየደበደበ መሬት እንዳታርፍ አደረጋት፤ እየደከማት ከሰማይ ወደቀች። ተባይና አንበጣ በዛ። በ1960 እ.ኤ.አ. ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ ቦታዋ ለትኋን ተሰጠ። «እኛም ጣሳ ደብድበናል» አለ የቆቦው ልጅ፣ «ግን ከማሳችን ስትወጣልን ዝም እንላለን።» ከዚያ ሌሊት ንግግር ሁሉ ለእኛ የበለጠው ይኸ ነው፤ ያለውም ከሳሹ ነው።

ይህን ሁሉ አሳጥረን፣ ጓደኛችን «እትዬ» ብሎ በጀመረው ረጅም ደብዳቤ ላክንላት። መልሷ በቅርቡ መጣ። ያን የላላውን፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነውን መረብ ጥላዋለች። አዲሱ ጣት የማያሳልፍ ነው፤ ተወጥሮ ከግንዱ ጋር የሚታሰር ስለሆነ ወፍ ትመለስበታለች እንጂ አትጠላለፍበትም። እሱንም የምታለብሰው በእጇ የምትደርስባቸውን ቅርንጫፎች ብቻ ነው። የላይኛውን መሰላል ስለምትፈራ ትታዋለች፤ «ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ» ብላለች። ያቺ ደረቷ ቀይ ወፍ በሚያዝያ ከዚያው መደብ ላይ ትል ስትለቅም የምታያት መሆኗን ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ነው ያስታወሰችው። የቆቦው ልጅ ደብዳቤውን አንብቦ «ላዩን ካቀመሰቻቸው ዘመድ አዝማድ ጠርተው ይመጣሉ» ሲል ተነበየ።

በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠይቃናለች። ወፎቹ ከሚያርፉበት ከአጥሩ ሥር ሁለት የቼሪ ችግኝ በቅሏል። እሷ አልተከለችውም። ከዘር የበቀለ ቼሪ እንደ እናቱ አያፈራም፤ ብዙውን ጊዜ ፍሬው ትንሽ፣ ለሰው የማይጥም፣ ለወፍ ግን የሚበቃ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ቢያድጉ አጥሩን ይገፉታል፣ ጥላቸውም በጎረቤቷ ጎመን ላይ ይወድቃል። «ልንቀላቸው ወይስ ልተዋቸው?» ትላለች። የቆቦው ልጅ ዛሬውኑ ይነቀሉ ባይ ነው። የዲያቆኑ ልጅ አንዱ ይነቀል፣ አንዱ ይቅር ይላል። ወንድሟ መልሱን ገና አልጻፈም።